መጻሕፍት በደብርና በገጠር የተከፋፈሉበት ሥርዓት

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንድ ዋና ቤትና ብዙ ቅርንጫፎች ኑረውት ሲቋቋም ከሁሉ አስቀድሞ የሚነሣው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ለመጻሕፍት መግዣ ከተመደበው ገንዘብ ለዋናው ቤት ስንት ይቅር፥ ለቅርንጫፉስ ስንት ይድረስ? ይህ ጥያቄ ከማተሚያ መኪናና ከበጀት መዝገብ ጋር ከባሕር ማዶ የመጣ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት፥ አበምኔቶችና አለቆች ብዙ መቶ ዓመት ሲፈቱት የኖሩት ጥያቄ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በማስተዋል፥ አንዳንድ ጊዜም በጥፋት።

በጥንት ዘመን የመጽሐፍ ዋጋ በብር ብቻ የሚቈጠር አልነበረም። አንድ ታላቅ መጽሐፍ ለማጻፍ ብዙ ፍየል ይታረዳል፤ ብራና ፋቂው ቆዳውን ወጥሮ ይፍቃል፤ ቁም ጸሐፊው ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም አዘጋጅቶ ወራት ይቀመጣል፤ ደጓሹ የእንጨቱን ገበታ በቆዳ ይለብጣል፤ ማኅደርም ይሰፋለታል። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ድረስ የሠራተኞቹ ቀለብ በአጻፊው ላይ ነው። ስለዚህ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ከደብር ጋር እኩል መጻሕፍት ሊኖሯት አይቻልም ነበር። ወንጌል፥ መጽሐፈ ቅዳሴና ዳዊት ካሏት አገልግሎቷ አይታጐልም፤ ስንክሳር ከተጨመረላትም ባለጸጋ ናት፤ ግብረ ሕማማትን ግን በሰሙነ ሕማማት ከጎረቤት ደብር በውሰት ማምጣት የተለመደ ነበር። መጻሕፍተ ሊቃውንትና መጻሕፍተ መነኮሳት የሚከማቹት መምህር ወንበር ዘርግቶ ተማሪ በሰበሰበበት ስፍራ ነበር። ይህ አከፋፈል አድልዎ ቢመስልም ደንብ ነበረው፤ መጽሐፉ የሚሄደው የሚተረጕመው ሰው ወዳለበት ነውና።

መዝገብም አልጐደለም። በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በ1273 ዓ.ም. ገደማ የተጻፈ ሲሆን፥ ጽሕፈት ባልነበረባቸው ቅጠሎቹ ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮበት ይገኛል። ዝርዝሩ በወንጌል ላይ የሰፈረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌላውን መዝገብ ሊፍቅ የሚደፍር እጅ ወንጌልን ለመፋቅ ይፈራል፤ የርስትና የጉልት ስጦታም በዚሁ ምክንያት በወንጌል ላይ ይጻፍ ነበር። ይሁን እንጂ ፈሪሃ እግዚአብሔር ሁሉን አላገደም። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የፊተኛው ባለቤት ስም ተፍቆ የኋለኛው ስም በጸሎቱ መካከል ገብቶ ይታያል፤ መጽሐፍ በስጦታም በሽያጭም በዘረፋም ከቤት ወደ ቤት ሲዞር እንደ ኖረ ይህ ምስክር ነው።

መጻሕፍትን ለአብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ማዳረስ የመንግሥት ጕዳይ የሆነው ከሁሉ ይልቅ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን (1426–1460 ዓ.ም.) ነው። ንጉሡ ተአምረ ማርያም በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ፥ የእመቤታችንም በዓላት ተቈጥረው እንዲከበሩ ሥርዓት ሠሩ። እንዲነበብ ማዘዝ እንዲጻፍ ማዘዝ ነው። ትእዛዙን በአንድ ቀን ማወጅ ይቻላል፤ መጽሐፉ ግን በየደብሩ በፍየል ቆዳና በጸሐፊ ድካም ካልሆነ አይገኝም። ስለዚህ ባለጸጋው ለነፍሱ መድኃኒት እያለ አጻፈ፥ ምዕመናንም አዋጥተው አጻፉ። የዚህ መጽሐፍ ቅጂ እስከ ዛሬ በሀገሪቱ እጅግ በዝቶ መገኘቱ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

ነገር ግን መጽሐፍ ብቻውን ቢሰጥ ሣጥን ውስጥ ይቀራል። የቀደሙት ሰዎች ይህን ስለ ተረዱ ታቦት ሲተክሉ መጻሕፍቱንና ንዋየ ቅድሳቱን፥ ከዚያም ጋር ለቀሳውስቱና ለደብተሮቹ መተዳደሪያ የሚሆነውን መሬት አብረው ይሰጡ ነበር። በዛሬ አነጋገር የመጽሐፍ መግዣውና የሠራተኛው ደመወዝ በአንድ በጀት የተያዘ ነበር ማለት ነው።

ይህን ማያያዣ የፈቱት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቀሳውስትና ሦስት ዲያቆናት ይበቃሉ ብለው ከዚያ የተረፈውን መሬት ለመንግሥት ሊያደርጉ በተነሡ ጊዜ ከካህናቱ ጋር ተጣሉ። በኋላም በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን በዘረፉና ባቃጠሉ ጊዜ የአድባራቱ መጻሕፍት ወደ መቅደላ ተጋዙ። በአምባው ላይ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት መጻሕፍት ወደ 1000 የሚጠጉ ነበሩ ይባላል። ሐሳቡ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ጦርነት በማያባራበት ዘመን መጽሐፍን በጽኑ አምባ ማኖር፥ በአንድ ታላቅ ደብርም ሁሉን ማግኘት ለንጉሥ የሚገባ አሳብ ነው። ነገር ግን ስብስቡ የተገኘው በማጻፍ ሳይሆን በመንሣት ነበርና መቅደላ ሲሞላ ጎንደር ባዶ ሆነች። ደብተራው በጎንደር ቀረ፥ መጽሐፉ በመቅደላ ተቀመጠ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አምባው በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀ። ወታደሮቹ የዘረፉት በ15 ዝሆኖችና 200 በሚያህሉ በቅሎዎች ተጭኖ ወደ ደላንታ ሜዳ ወረደ፥ በዚያም ሁለት ቀን በሐራጅ ተሸጠ። ከጦሩ ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ ሪቻርድ ሆልምስ ለዚሁ የሚሆን ገንዘብ ይዞ ነበርና የወደደውን ገዛ። ይህም በራሱ በጀት ነበር፤ ጦሩ ሳይዘምት መጽሐፍ መግዣው አስቀድሞ ታስቦበታል። 350 የሚያህሉ የብራና መጻሕፍት ወደ ሙዚየሙ ሲገቡ፥ በሥዕል ካጌጡት 6ቱ ወደ ንግሥቲቱ ቤተ መጻሕፍት ወደ ዊንድሰር ተላኩ። በ1869 ዓ.ም. ዊልያም ራይት ዝርዝራቸውን በካታሎግ አሳተመው። ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ።

የቀሩትስ? 600 የሚያህሉት በትግሬ በጨለቆት ሥላሴ ተተዉ። ጨለቆት የከበረ ደብር ነው፤ መጻሕፍቱን መቀበሉም አያስነቅፈውም። ነገር ግን የጎንደር መጻሕፍት ወደ ጎንደር ሳይመለሱ በጨለቆት የቀሩት ጨለቆት ስለ ተገባው ሳይሆን ጦሩ ወደ ባሕር ሲመለስ በመንገዱ ላይ ስለ ነበረ ነው። ምርጡ ለገንዘብ ባለቤት፥ የተረፈው መንገድ ላይ ላለው፤ የነበረው አከፋፈል ይህ ነው። በነሐሴ 1864 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ ክብረ ነገሥት እንዲመለስላቸው ወደ እንግሊዝ ጽፈው፥ ሙዚየሙ ሁለት ቅጂ ነበረውና አንዱን መለሰ። ሁለት ባይኖሩት ኖሮ መመለሱ ያጠራጥር ነበር።

የሕዝብ ሁሉ የሆነ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የተከፈተው በ1936 ዓ.ም. ነው፤ ወመዘክር ተብሎ እስከ ዛሬ በሕዝቡ አፍ ይጠራል። በዚያ ዘመን ማተሚያ ቤት ነበረና ቅጂ ማብዛት እንደ ቀድሞው የፍየል መንጋ አልፈጀም። ያም ሆኖ የድርሻው ጥያቄ አልቀረም። ዋና ቤትና ቅርንጫፍ ያለው ቤተ መጻሕፍት ገንዘቡን በሦስት መንገድ ሊያካፍል ይችላል። ለሁሉ እኩል ቢሰጥ ሕዝብ የበዛበት ቅርንጫፍ ይበደላል። በሕዝብ ብዛት ቢመድብ ታናሹ ቅርንጫፍ ሙሉ መዝገበ ቃላት እንኳ ሳይገዛ ይቀራል፤ የመዝገበ ቃላት ዋጋ ሕዝብ ባነሰበት ስፍራ አያንስምና። ባለፈው ዓመት በተነበበው መጽሐፍ ቍጥር ቢመድብ ደግሞ መጽሐፍ የሌለው ቤት አንባቢ አያገኝም፥ አንባቢ አላገኘም ተብሎም መጽሐፍ ይከለከላል። ከሦስቱ ክፉው ይህ ሦስተኛው ነው፥ ፍትሐዊ መስሎ ስለሚታይ።

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ፥ ከሰበታ ወዲያ በበቾ ሜዳ ላይ እንደምትገኘው እንደ ተጂ ላለች ከተማ የሚበጀው አቈጣጠር የጥንቶቹ ሳይሆን አይቀርም። አስቀድሞ ለማንኛውም ቤት የማይጐድሉት መጻሕፍት ይመደባሉ፤ ይህ ለገጠሯ ቤተ ክርስቲያን ወንጌሉ፥ ቅዳሴውና ዳዊቱ እንደ ነበሩ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ግብረ ሕማማት ወቅቱን ጠብቆ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተማሪ ፈተና ሲቀርብበት የሚፈልገው መጽሐፍ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ሊተኛ አይገባውም። በጣም ውድ የሆነውና አንድ ብቻ የሚገዛው በዋናው ቤት ይቀመጣል፤ ነገር ግን ቅጂው ሊወጣለት ይገባል። መጽሐፉን የሚያወጣና የሚመልስ፥ ለጠየቀውም የሚያመለክት ሠራተኛ ደመወዝ ከመጽሐፉ መግዣ ተለይቶ ከተረሳ፥ ደብተራውን ከመሬቱ የመንቀል ያህል ነው።

ለሐይቁ ወንጌል ቅጂ ወጥቶለታል። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ መንበረ ፓትርያርኩና የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ሲያነሡ፥ ከ9000 በላይ መጻሕፍት ተነሥተው አንዱ ፊልም በአዲስ አበባ፥ ሁለተኛው በአሜሪካ በሚኒሶታ እንዲቀመጥ ሆነ። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል በዚያ ስብስብ 1832 ቍጥር ተሰጥቶታል፤ ብራናው ግን ከሐይቅ እስጢፋኖስ አልወጣም።