የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ማሻሻያ፦ የገጠሩ ነዋሪ በሕዝብ ምክክር ምን ሊጠይቅ ይገባል?

ዓይነ ስውር አርሶ አደር መሬቱን ለእኩል አራሽ ሲሰጥ የውሉን ቃል አንብቦ የሚያረጋግጥለት ማን ነው? መስማት የተሳናት እናት በወረዳ ፍርድ ቤት ስትቆም አቤቱታዋን በምልክት ቋንቋ የሚያስተረጉምላት ይኖራል? የአካል ጉዳተኞች መብት ሕግ ይሻሻል ሲባል መልስ የሚፈለገው ለእንዲህ ዓይነቶቹ ጥያቄዎች ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት በየሕጉ የተበታተኑትን ድንጋጌዎች የሚሰበስብ አንድ ሁሉን አቀፍ አዋጅ እንዲወጣ ለዓመታት ሲጠይቁ ቆይተዋል።

ጉዳዩ ለጎጃም ደጋ ሩቅ አይደለም። በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ለረጅም ዘመን በመሄድ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ በአካባቢው የታወቀ ነው። በ2004 ዓ.ም. የታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከአዋቂ ነዋሪዎች ከ3 በመቶ በላይ የሚሆኑት በዚህ ሕመም መያዛቸውን አሳይቷል። ዓይንን የሚያሳውረው ትራኮማም በአማራ ክልል ከባድ ጫና አለው።

ለማሻሻያው መነሻ የሆኑ ሕጎች

የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን እንዲያቋቁምና እንዲረዳ ግዴታ ጥሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ጸድቆ የአገሪቱ ሕግ አካል ሆኗል።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 በቅጥር፣ በዕድገትና በዝውውር አድልዎ እንዳይፈጸም ከልክሏል። አድልዎ ተፈጽሞብኛል የሚል አካል ጉዳተኛ የማስረዳት ሸክም ሳይኖርበት ክስ ማቅረብ እንዲችልም ፈቅዷል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በአንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች በዊልቸር ለሚንቀሳቀሱና ደረጃ መውጣት ለማይችሉ ሰዎች ምቹ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጓል።

ክፍተቱ የት ነው?

የሥራ ስምሪት አዋጁ ጥበቃ ያደረገው በዋናነት ለሚቀጠር ሰው ነው። በራሱ ማሳ የሚተዳደር አርሶ አደር አሠሪ ስለሌለው ከአዋጁ የሚያገኘው ጥቅም ጥቂት ነው። የተደነገገው የገንዘብ ቅጣትም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ሲሆን፣ የብር የመግዛት አቅም ከዚያ ወዲህ እጅግ ቀንሷል።

ሌላው ክፍተት በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ውስጥ ይገኛል። አንቀጽ 340 ራሳቸውን መጠበቅ ወይም ንብረታቸውን ማስተዳደር ያልቻሉ ዓይነ ስውራንና መስማትና መናገር የተሳናቸው ሰዎች፣ ለአእምሮ ሕሙማን በተሰጠው ጥበቃ እንዲጠቀሙ ፈቅዷል። አንቀጽ 1728 ደግሞ የዓይነ ስውር ወይም መጻፍ የማይችል ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ፣ በውል አዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ካልተረጋገጠ ባለቤቱን እንደማያስገድድ ይደነግጋል። ድንጋጌው ከማታለል ይከላከላል። ሆኖም ከከተማ ርቆ ለሚኖር ሰው ውል ማሰርን ረጅም መንገድ ያደርግበታል። የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 12 አካል ጉዳተኞች ከሌላው ሰው እኩል ሕጋዊ ችሎታ እንዳላቸው፣ መንግሥትም ድጋፍ እንዲያቀርብላቸው ይጠይቃል። ማሻሻያው ሊያስታርቀው የሚገባው ይህን ነው፤ የሰውየውን የመወሰን መብት ሳይነጥቁ ከተንኮል መጠበቅ።

ምክክሩ እንዴት ይካሄዳል?

ስምምነቱ በአንቀጽ 4 ንዑስ አንቀጽ 3 አካል ጉዳተኞችን የሚነካ ሕግ ሲዘጋጅ መንግሥት ከራሳቸውና ከሚወክሏቸው ድርጅቶች ጋር በቅርበት እንዲመክር ያስገድዳል። በፌዴራል ደረጃ የአዋጅ ረቂቅ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ታይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይቀርባል። ምክር ቤቱ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራዋል፤ ኮሚቴውም ባለድርሻ አካላትን ጠርቶ ያወያያል።

አዋጁ ሲጸድቅ የሕዝቡ ድርሻ አያበቃም፤ ዝርዝር አፈጻጸሙ የሚወሰነው በመመሪያ ነው። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ተቋማት የመመሪያ ረቂቅ ሲያዘጋጁ ለሕዝብ እንዲያሳውቁና ለጽሑፍ አስተያየት ከ15 የሥራ ቀናት ያላነሰ ጊዜ እንዲሰጡ ያዛል።

አስተያየት ሰጪው ምን ይያዝ?

«ሕጉ መልካም ነው» የሚል አስተያየት አርቃቂውን አይረዳም። የሚረዳው የገጠመውን እንቅፋት፣ የተፈጸመበትን ቦታና የሚፈለገውን መፍትሔ ለይቶ የሚናገር አስተያየት ነው። ለምሳሌ የመሬት ኪራይ ውል በቀበሌ ደረጃ ተነቦ እንዲረጋገጥ፣ በጤና ጣቢያና በፍርድ ቤት የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ እንዲመደብ፣ የማኅበራዊ ድጋፍ መረጃ በሬዲዮ እንዲነገር መጠየቅ ይቻላል።

የምክክሩ መድረክም ራሱ ተደራሽ መሆን አለበት። ረቂቁ በብሬልና በድምፅ ካልቀረበ፣ አዳራሹ ደረጃ ብቻ ካለው፣ አስተርጓሚም ከሌለ ሕጉ የተዘጋጀላቸው ሰዎች ከውይይቱ ውጭ ይቀራሉ። ቤተሰብ ወይም ጎረቤት አካል ጉዳተኛውን ወክሎ ከመናገር ይልቅ ራሱ ተገኝቶ እንዲናገር ቢያግዘው ይመረጣል።