ለዒላማ ሽጉጥ ሬድ ዶት ልትገዙ ነው? ዶላራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አሜሪካ ያላችሁና ቅዳሜና እሁድ ወደ ሹቲንግ ሬንጅ ብቅ የምትሉ ልጆች በኢንቦክስ ደጋግማችሁ የምትጠይቁን ጥያቄ አለ፦ «ለዒላማ ሽጉጤ የትኛውን ሬድ ዶት ልግዛ?»

መልሳችን የአንድ ብራንድ ስም አይደለም። የሬድ ዶት ዋጋ ከ100 ዶላር በታች ይጀምርና 500 ዶላርን ያልፋል። ውድ ስለሆነ ብቻ ለእናንተ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። የውድድሩን ሕግ፣ የራሳችሁን ዓይንና የሽጉጣችሁን አሠራር ሳታዩ ከገዛችሁ ዕቃው መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ ይቀራል። ስለዚህ ነገሩን ከመሠረቱ እንየው፤ ሴቭ አድርጋችሁ ያዙት።

🔴 ሬድ ዶት ምንድን ነው?

ቀይ ነጥብ የሚያሳይ ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ማነጣጠሪያ ነው። ውስጡ ትንሽዬ ኤልኢዲ መብራት አለ። ብርሃኑ ጎበጥ ያለ መስታወት ላይ አርፎ ወደ ተኳሹ ዓይን ይመለሳል። መስታወቱ ቀዩን ብርሃን የሚመልስ፣ ሌላውን ግን የሚያሳልፍ ሽፋን አለው። ስለዚህ ነጥቧን የምታዩዋት እናንተ ብቻ ናችሁ፤ እንደ ሌዘር ዒላማው ላይ ሄዳ አታርፍም። ይህ ልዩነት በኋላ ሕጉ ላይ ይመጣል። የስዊድኑ ኤይምፖይንት ኩባንያ የመጀመሪያ ሬድ ዶቱን ገበያ ላይ ያዋለው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው፤ ነገሩ የትናንት ፈጠራ አይደለም።

ጥቅሙ ምንድን ነው? በተለመደው የብረት ማነጣጠሪያ ስትተኩሱ የኋላውን፣ የፊቱንና ዒላማውን አንድ ላይ ማስተካከል አለባችሁ። ዓይን ደግሞ በአንድ ጊዜ ሦስት ርቀት ላይ ማተኮር አይችልም። በሬድ ዶት ግን ነጥቧ ከዒላማው ጋር በአንድ ርቀት ያለች ስለምትመስል፣ ዒላማውን ብቻ አይታችሁ ነጥቧን እላዩ ላይ ማስቀመጥ ነው።

እውነቱን እንነጋገር ካልን ግን ሬድ ዶት የእጅ መንቀጥቀጥን አያስቀርም። እንዲያውም ያጋልጣል። በብረቱ ማነጣጠሪያ የማታዩት እንቅስቃሴ ሁሉ በነጥቧ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ጀማሪ ነጥቧ መሀል ስትደርስ «አሁን!» ብሎ ምላጩን ይመነጭቅና ጥይቱን ያበላሻል። ነጥቧ ትንሽ ትንቀሳቀስ፤ እናንተ ምላጩን ቀስ አድርጋችሁ ሳቡ። ይህን በልምምድ እንጂ በ500 ዶላር አትገዙትም።

1ኛ. መጀመሪያ ሕጉን

በኦሎምፒክና በዓለም አቀፉ የተኩስ ስፖርት ፌዴሬሽን (አይኤስኤስኤፍ) የሽጉጥ ውድድሮች ሬድ ዶት ክልክል ነው። የሚፈቀደው ክፍት የብረት ማነጣጠሪያ ብቻ ነው። ሕልማችሁ የ10 ሜትር የአየር ሽጉጥ ከሆነ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ ማቆም ትችላላችሁ፤ ገንዘባችሁ ተረፈ ማለት ነው።

አሜሪካ ውስጥ «ቡልስአይ» የሚባለው የኤንአርኤ ትክክለኛነት ውድድር ግን ሬድ ዶት ይፈቅዳል። የሚከለክለው እንደ ሌዘር ዒላማው ላይ ምስል የሚጥለውን ነው። በስቲል ቻሌንጅ ደግሞ ባለ .22 ሽጉጦች በሁለት ይከፈላሉ፤ የብረት ማነጣጠሪያ ያላቸው ለብቻ፣ ሬድ ዶት ያላቸው ለብቻ። ሬድ ዶት ስትገጥሙ ምድባችሁ ይቀየራል ማለት ነው። የምትወዳደሩበትን ክለብ የሕግ መጽሐፍ ጠይቃችሁ ካነበባችሁ በኋላ ግዙ።

2ኛ. የነጥቧ መጠን

ሳጥኑ ላይ «2 ኤምኦኤ» ወይም «6 ኤምኦኤ» የሚል ታያላችሁ። ኤምኦኤ የማዕዘን መለኪያ ነው። 1 ኤምኦኤ በ100 ያርድ ላይ ከ1 ኢንች ትንሽ የምትበልጥ ቦታ ትሸፍናለች። ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ የምትሸፍነውም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ በግምት፦

👉 2 ኤምኦኤ፦ በ25 ያርድ ግማሽ ኢንች፣ በ50 ያርድ 1 ኢንች
👉 4 ኤምኦኤ፦ በ25 ያርድ 1 ኢንች፣ በ50 ያርድ 2 ኢንች
👉 6 ኤምኦኤ፦ በ25 ያርድ 1 ተኩል ኢንች፣ በ50 ያርድ 3 ኢንች
👉 8 ኤምኦኤ፦ በ25 ያርድ 2 ኢንች፣ በ50 ያርድ 4 ኢንች

አሁን ከዒላማው ጋር እናስተያየው። በቡልስአይ የ50 ያርድ ዒላማ ላይ የ10 ነጥቧ ክብ ስፋት 3.36 ኢንች ነው። 8 ኤምኦኤ ከገዛችሁ ነጥባችሁ ክቧን ሙሉ በሙሉ ውጣ ታልፋለች። ለትክክለኛነት ተኩስ ከ2 እስከ 4 ኤምኦኤ ጥሩ መነሻ ነው። ብረት ሳህን ላይ በፍጥነት ለምትተኩሱ ግን ትልቋ ነጥብ ቶሎ ዓይን ውስጥ ስለምትገባ 6 ወይም 8 ይመቻል። ትንሿ ነጥብ ሌላም ባሕርይ አላት፤ መንቀጥቀጣችሁን አጉልታ ታሳያለች። ይህ የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ 4ቱ አማካይ ነው።

3ኛ. ዓይናችሁን ፈትሹ

አንዳንድ ሰው ነጥቧን እንደ ኮከብ፣ እንደ ጅራት ወይም እንደ ተሰባበረ ወይን ዘለላ ያያታል። «ዕቃው ተበላሽቷል» ብሎ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛውም ያው ይሆንበታል። ችግሩ ብዙ ጊዜ አስቲግማቲዝም የሚባለው የዓይን ቅርጽ ጉዳይ ነው።

መፈተኛው ኪሳችሁ ውስጥ አለ። ሬድ ዶቱ ሽጉጥ ላይ ሳይገጠም፣ ስልካችሁን ከመስታወቱ ኋላ አድርጋችሁ ነጥቧን ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ ክብ ሆና ከታየች ዕቃው ደህና ነው፤ ጉዳዩ የዓይናችሁ ነው ማለት ነው። ሌላም ዘዴ አለ። ሬድ ዶቱን በእጃችሁ ይዛችሁ እንደ መሪ አዙሩት። የተበላሸው ቅርጽ አብሮ ከዞረ ችግሩ የዕቃው ነው፤ ባለበት ከቆመ የእናንተ ነው። መፍትሔው የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዶ ትክክለኛ መነጽር ማድረግ ነው። የነጥቧን ብርሃን መቀነስም ብዙ ይረዳል።

4ኛ. ቱቦ ወይስ ክፍት?

ሁለት ዋና ዓይነት አለ። አንደኛው እንደ አጭር ቱቦ ሆኖ መብራቱም መስታወቱም ከውስጥ የተዘጋበት ነው። ከበድ ይላል፤ ግን ዝናብና አቧራ መብራቱ ላይ አይደርስም። የቡልስአይ ተኳሾች ለረጅም ዓመታት የተጠቀሙበት ይህን ነው። ሁለተኛው አንድ መስታወት ብቻ የቆመበት ክፍት ዓይነት ነው። ቀላልና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን አንዲት የውሃ ጠብታ ወይም የጨርቅ ብናኝ መብራቱ ላይ ካረፈች ነጥቧ ትደበዝዛለች ወይም ትጠፋለች። አሁን አሁን ትንሽም የተዘጋም የሆኑ ሞዴሎች ወጥተዋል።

ሻጩ «ፓራላክስ የለውም» ካላችሁ ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ፓራላክስ ማለት ዓይናችሁ ከመሀል ሲወጣ ነጥቧ ዒላማው ላይ ቦታ የምትቀይርበት ነገር ነው። በተለይ በቅርብ ርቀት በሁሉም ሬድ ዶት ላይ በመጠኑም ቢሆን አለ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ሁልጊዜ ነጥቧን በመስታወቱ መሀል ላይ አድርጋችሁ መተኮስን ልመዱ።

5ኛ. ሽጉጣችሁ ላይ ይገጥማል?

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እንደ ሩገር ማርክ 4 ባሉ የ.22 የዒላማ ሽጉጦች ላይ ሬድ ዶቱ የሚቀመጠው በማይንቀሳቀሰው አካል ላይ ነው። ሲተኮስ ወደ ኋላ የሚሄደው ውስጥ ያለው ቦልት ብቻ ነው። ስለዚህ ማነጣጠሪያው ብዙ አይንገላታም፤ መካከለኛ ዋጋ ያለውም ይበቃል። ስላይዱ ላይ የሚገጠም ከሆነ ግን በእያንዳንዱ ጥይት አብሮ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይወረወራል። ጠንካራ ዕቃ ያስፈልጋል፤ በ.22 ላይ ደግሞ ክብደቱ ስላይዱን አዘግይቶ ጥይት እንዲነክስ ሊያደርግ ይችላል።

የብሎን ቀዳዳዎቹም በየብራንዱ ይለያያሉ። ከመግዛታችሁ በፊት የማነጣጠሪያውን የእግር ቅርጽና የሽጉጣችሁን መቀመጫ አስተያዩ። አለዚያ ለተጨማሪ ማገናኛ ሌላ ገንዘብ ታወጣላችሁ።

6ኛ. ባትሪና ብርሃን

ሁለት ነገር ጠይቁ። ባትሪው ከጎን ወይም ከላይ ይወጣል ወይስ ከሥር? ከሥር ከሆነ በቀየራችሁ ቁጥር ማነጣጠሪያውን መንቀልና ማስተካከያውን እንደገና መፈተሽ ይኖርባችኋል። ብርሃኑስ በእጅ ይስተካከላል ወይ? ራሱን በራሱ ብቻ የሚያስተካክለው እናንተ ጥላ ሥር ቆማችሁ ዒላማው ፀሐይ ላይ ሲሆን ሊሳሳት ይችላል። ብርሃኑን በጥቁሩ ክብ ላይ ለመታየት እስከሚበቃት ድረስ ብቻ አድርጉት፤ ሲበዛ ነጥቧ ታብጣለች።

እግረ መንገዳችንን፦ እነዚህ ክብ ጠፍጣፋ ባትሪዎች በሕፃን ከተዋጡ ጉሮሮ የሚያቃጥሉና ለሕይወት የሚያሰጉ ናቸው። የወጣውንም ባትሪ ልጅ ከሚደርስበት ቦታ አርቁ።

🔧 ከገዛችሁ በኋላ

ከመግጠማችሁ በፊት የጥይት ካዝናውን አውጡ፣ ቤቱ ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ብሎኖቹን መመሪያው ባለው ጥብቀት እሰሩ፤ ከጠበቀ በኋላ ብሎኑና አካሉ ላይ በቀለም አንድ መስመር አስምሩ። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው።

ሬንጅ ላይ ደግሞ ሽጉጡን መደገፊያ ላይ አድርጋችሁ 5 ጥይት ተኩሱ። ከዚያ ማስተካከያውን 8 ጠቅታ ወደ ላይ፣ 8 ወደ ቀኝ፣ 8 ወደ ታች፣ 8 ወደ ግራ እያደረጋችሁ በየመሀሉ 5፣ 5 ተኩሱ። የመጨረሻው 5 ከመጀመሪያው 5 ጋር አንድ ቦታ መውደቅ አለበት። ካልወደቀ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ ወደ ሱቁ መልሱት።

⚠️ ሻንጣ ለምታዘጋጁ

ይህ በተለይ እንዲነበብልን እንፈልጋለን። ሬድ ዶት ብቻውን መሣሪያ ስላልሆነ አሜሪካ ውስጥ ያለ ብዙ ጣጣ ይገዛል። ከአሜሪካ ማውጣት ግን ሌላ ነገር ነው። የጦር መሣሪያ ማነጣጠሪያዎች በአሜሪካ ንግድ ሚኒስቴር የኤክስፖርት ቁጥጥር ሥር ናቸው። ኢትዮጵያም የጦር መሣሪያን የሚቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አላት። «ትንሽ ዕቃ ናት፣ ለአጎቴ ስጦታ» ብላችሁ ከልብስ መሀል አትክተቱ፤ ሰውም «አድርስልኝ» ቢላችሁ አትቀበሉ። አንዲት ቀይ ነጥብ በሁለት ሀገር ልታስጠይቃችሁ ትችላለች።

ባጭሩ፦ ሕጉን አንብቡ፣ ዓይናችሁን ፈትሹ፣ መግጠሙን አረጋግጡ፣ ከዚያ ስለ ብራንድ አስቡ። ከተረፋችሁ ገንዘብ ጥይት ግዙና ተለማመዱ። ሊገዛ ያሰበ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ ጥያቄ ካላችሁም ኮሜንት ላይ ጻፉልን። ሰላም ሁኑ!