ከለገሃር እስከ ምኒልክ ግቢ

ከለገሃር ጣቢያ እስከ ታላቁ ቤተ መንግሥት ያለው መንገድ ከሦስት ኪሎ ሜትር አይበልጥም። በእግሩ ለሚወጣ ሰው የሚከብደው ዳገቱ እንጂ ርቀቱ አይደለም። ሆኖም ለግብር ወይም ለአቤቱታ ካልሆነ በቀር፣ ተራ ሰው በባቡር መጥቶ፣ ከጣቢያው ወርዶ፣ ከሕዝብ ጋር ተሳፍሮ ግቢውን ሊጎበኝ የገባበት ዘመን በአዲስ አበባ ታሪክ አይገኝም። ባቡሩ ሳለ በሩ ዝግ ነበር፤ በሩ ሲከፈት ባቡሩ ስፍራውን ለቆ ነበር።

ዐፄ ምኒልክ የምድር ባቡሩን ፈቃድ ለስዊሱ ለአልፍሬድ ኢልግ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ቢገባም፣ በገንዘብ እጦትና በመንግሥታት ሽኩቻ ምክንያት ለዓመታት እዚያው ቆሞ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 1906 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ገና አልተጠናቀቀም፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱን የሰጡት ንጉሥ ከግቢያቸው ሰገነት ቆመው የባቡሩን ጭስ ለማየት አልታደሉም።

ስሙን ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ያገኘው የድንጋይ ጣቢያ በ1922 ዓ.ም. ተመረቀ። በፊቱ ያለው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ለ1923ቱ የንግሥ በዓል የቆመ ነው። ጣልያኖች ነቅለው ሮም በወሰዱት ጊዜም ያስቀመጡት ከባቡር ጣቢያ አጠገብ ነበር፤ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ መዛወር ዕጣው ሆነና ኋላ ወደ ለገሃሩ ተመለሰ።

ከጣቢያው የሚወርደው መንገደኛ መጀመሪያ የሚጠብቀው ጋሪ ነበር። አንበሳ አውቶብስ በ1935 ዓ.ም. ጣልያኖች ጥለዋቸው በሄዱ ጥቂት ተሽከርካሪዎች ሥራ ጀመረ፤ ለገሃርም ከዋና ዋና መነሻዎቹ አንዱ ሆነ። ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎች መጡ፤ ከአብዮቱ በኋላም ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡበት መኪና «ውይይት» ተባለ። ወያላው «አራት ኪሎ!» ይላል፤ «ሂልተን ወራጅ» የሚልም አለ። ግቢውን ግን መድረሻ አድርጎ የሚጠራ ወያላ እኔ ሰምቼ አላውቅም። ግቢው በመስኮት የሚታለፍ አጥር ነበር።

መንገዱ ራሱ ብዙ አይቷል። ከስታዲየም አልፎ መስቀል አደባባይ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፍና ዳገቱን ይጀምራል። በአንድ በኩል በ1948 ዓ.ም. ለንግሥናው ኢዮቤልዩ የተሠራው ቤተ መንግሥት፣ በፊት ለፊቱ የአፍሪካ አዳራሽ አሉ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋናቸው ሲወርዱ ከዚሁ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በትንሽ ፎልክስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። ኋላም ዳገቱን ከፍ ብሎ ባለው በምኒልክ ግቢ ታስረው፣ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በዚያው አረፉ።

ከዚያ ወዲህ ግቢው ለመንገደኛ ይበልጥ ራቀ። በአጥሩ ሥር መኪና ማቆም፣ ካሜራ ማውጣት ክልክል ነበር። ያ ሁሉ ጥበቃ ባለበት ዳገት ላይ የታክሲው ተሳፋሪ ድምፁን ዝቅ ያደርግ እንደ ነበር የሚያስታውስ አንባቢ አይጠፋም።

የግቢው ከፊል በመስከረም 2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ ትኬት የቆረጠ ሁሉ የምኒልክን የግብር አዳራሽ ማየት ይችላል። አሮጌው ባቡር ግን አስቀድሞ አገልግሎቱን አቁሞ ነበር፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ መንገደኛውን የሚያወርደው በከተማዋ ዳርቻ፣ ለቡ ላይ ነው። ከዚያ ታክሲ ይዞ ሜክሲኮ ይደርሳል፤ ከሜክሲኮ በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው ቀላል ባቡር ተሳፍሮ መስቀል አደባባይ አጠገብ፣ እስጢፋኖስ ላይ ይወርዳል፤ የቀረውን ዳገት በታክሲ ወይም በእግሩ ይወጣል። በመንገዱ ላይ ቀላሉ ባቡር ለገሃር ሲቆም፣ ዝም ያለውን ጣቢያና አንበሳውን በመስኮት ያያል። በዚያ ግን የሚወርድበት ምክንያት የለውም።