የማያረጅ አንገት፣ አላቂ ፍሬት

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊና በዱርቤቴ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚዘልቀው መንገድ ዳርና ዳር፣ በሠርግም ሆነ በሌላ ድግስ ሲሰማ የኖረው ነባር የሙዚቃ መሣሪያ ማሲንቆ ነው። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ አውታር፣ ቆዳ የለበሰ ሳጥንና የእንጨት አንገት አለው። አዝማሪው አውታሩን በጣቱ ይነካዋል እንጂ ከአንገቱ ጋር አያጣብቀውም፤ ስለዚህ አንገቱ አይቦረቦርም። አውታሩ ሲያልቅም ጭራ ፈልጎ የሚያስረው ራሱ ተጫዋቹ ነው። አላቂው ክፍልና ጠጋኙ በአንድ ቀዬ ይኖራሉ ማለት ነው። የቤዝ ጊታር ታሪክ በአንጻሩ ይህ ዝምድና ደረጃ በደረጃ እንዴት እንደ ላላ ያሳያል።

በ1951 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሌዮ ፌንደር በካሊፎርኒያ ለገበያ ያወጣው የኤሌክትሪክ ቤዝ «ፕሪሲዥን»፣ ማለትም «ትክክለኛነት» የተባለው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከእርሱ በፊት ቆሞ የሚመታው ትልቁ ኮንትራባስ ፍሬት ስለሌለው ተጫዋቹ ድምፁን በጆሮው ይፈልግ ነበር። ፌንደር ግን በአንገቱ ላይ ፍሬቶችን፣ ማለትም ድምፅን ከድምፅ የሚለዩ ቀጫጭን የብረት ዘንጎችን ደረደረ። ቦታቸው በሒሳብ የተወሰነ ነው፤ የአውታሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር ሲሆን የመጀመሪያው ፍሬት ከመነሻው 48.5 ሚሊ ሜትር ርቆ፣ 12ኛው ደግሞ በእኩሌታው ላይ ይውላል። ይሁን እንጂ ትክክለኛነቱ ዋጋ አለው። ፍሬቱ የሚሠራው ከመዳብ፣ ከኒኬልና ከዚንክ ቅይጥ ስለሆነ፣ በብረት ሽቦ የተጠቀለለው አውታር ዕለት ዕለት ሲጫነው ይቦረቡረዋል። ቡርቡሩ ሲጠልቅ አውታሩ ከሚቀጥለው ፍሬት ጋር እየተላተመ ሻካራ ድምፅ ያወጣል፤ ያን ጊዜ ፍሬቱን መለወጥ ግድ ይሆናል።

ይህ መሣሪያ በአዲስ አበባ ባንዶች ዘንድም ሥር ሰደደ። በአይቤክስና በሮሃ ባንዶች ጆቫኒ ሪኮ፣ በዋልያስ ባንድ ደግሞ መላከ ገብሬ የቤዙን መስመር ይዘው ታውቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ዋናው የአንገት ሥሪት እንጨት ነበር። እንጨት በክረምት እርጥበት ይጠጣል፤ በበጋ ይለቅቃል። የአራቱ አውታሮች ስበት በድምሩ 70 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ፣ አየር በተለወጠ ቁጥር አንገቱ ይጎብጣል ወይም ይቃናል። ጊብሰን የተባለው ኩባንያ በ1923 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት፣ በአንገት ውስጥ የሚቀበረው ማስተካከያ ዘንግ የታሰበው ለዚሁ ችግር ነው።

ችግሩን ከሥሩ ለመንቀል የተነሡት ሌሎች ናቸው። በካሊፎርኒያ ፎርድ ኤሮስፔስ በተባለው የሳተላይት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄፍ ጉልድ፣ ለጠፈር መንኮራኩር የተዘጋጀው የካርቦን ፋይበር ለጊታር አንገት እንደሚበጅ አሰበ። ከአሌምቢክ የጊታር ሠሪዎች ከሪክ ተርነር ጋር በመተባበርም በ1977 የግራፋይት አንገት ያለው ቤዝ ለሕዝብ ታየ። ዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር «ቼ በለው» የተባለውን አልበም ያወጣውም በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ ጉልድ ሞዱለስ ግራፋይት የተባለውን ድርጅት መሠረተ።

ግራፋይት ይባል እንጂ ይህ ቁስ በእርሳስ ውስጥ ያለው ዓይነት አይደለም፤ በሙጫ የተያያዘ የካርቦን ፋይበር ነው። የፋይበሩ ግትርነት 230 ጊጋ ፓስካል ያህል ሲሆን የብረት 200፣ የሜፕል እንጨት 12 ያህል ነው። ከሙጫ ጋር ሲዋሐድ ይህ ቍጥር ቢቀንስም ከእንጨት እጅግ ይበልጣል፤ ክብደቱም ከብረት ሩብ ያህል ብቻ ነው። እርጥበት አያሳብጠውም፤ ክረምትና በጋ አይለዋውጡትም። አንገቱ በእርግጥ የማያረጅ መሰለ። በላዩ የተተከለው ፍሬት ግን ያው አላቂው ቅይጥ ነበር።

የችግሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። በእንጨት አንገት ላይ ፍሬት የሚተከለው ከ0.6 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ጠባብ ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ተመትቶ ነው። የፍሬቱ እግር ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ እንጨቱ እሺ ብሎ ይገባላቸዋል፣ ተመልሶም ይጨብጣቸዋል። ሲያረጅ በጋለ ብረት ሞቅ አድርጎ በጉጠት መንቀል፣ አዲሱን መምታት፣ በሞረድ ማስተካከል ነው። ጥንቃቄ ይሻል እንጂ ትዕግሥት ያለው አናጢ የሚማረው ሥራ ነው።

በግራፋይት አንገት ላይ የሚለጠፈው የጣት ገበታ ብዙ ጊዜ ከፌኖል ሙጫ የተሠራ ጠንካራ ነገር በመሆኑ እሺ አይልም። በግድ ከተመታ የስንጥቁ ጠርዝ ይሸረፋል፤ የተሸረፈውም እንደ እንጨት ውሃ ቢያጠጡት አይነሣም። ስለዚህ ስንጥቁን በልኩ አስፍቶ ፍሬቱን በኢፖክሲ ማጣበቅ ይመረጣል። አሮጌውን ለመንቀል ኢፖክሲውን በሙቀት ማለስለስ ያሻል፤ ሆኖም አንገቱን ራሱን የያዘው ሙጫ የዚያው ዘመድ ስለሆነ፣ ማጣበቂያውን የሚያለሰልስ ሙቀት ሲበዛ አንገቱንም ይጎዳል። ብናኙም ቆዳንና ሳንባን ያስቆጣል፤ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ የመሣሪያውን ሽቦዎች ሊያገናኝ ይችላል። ከዚህ በላይ፣ ከቀደሙት የግራፋይት አንገቶች ብዙዎቹ ማስተካከያ ዘንግ አልነበራቸውም። አንገቱ አይጎብጥም ተብሎ ስለ ታመነ ጥቂት የጎበጠ እንደሆነ የሚቃናበት መንገድ አልተተወለትም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬቱና በሞረዱ ላይ ወደቀ።

ሠሪዎቹ ይህን ተረድተው ኋላ በወጡት የሞዱለስ አንገቶች ማስተካከያ ዘንግ ጨመሩ። ይህ እርምት የሽንፈት ምልክት አይደለም፤ ጥንካሬ ጥገናን እንደማይተካ የተረጋገጠበት ነው። ከከተማ ርቆ የሚገኝ ተጫዋች የማያረጅ አንገት ይዞ ባለቀ ፍሬት ምክንያት ዝም ሊል ይችላል፤ የመሣሪያው ዕድሜ የሚለካው በአንገቱ ሳይሆን ፍሬቱን የሚለውጥ እጅ በመገኘቱ ነውና።

ይህ ቁም ነገር ከሙዚቃ አልፎ መሐንዲስን ሁሉ ይመለከታል። በ1980ዎቹ አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ውሃ ፓምፕ ሲነደፍ ዋናው ሐሳብ ጨርሶ የማያልቅ ፓምፕ መሥራት አልነበረም። ያለቀውን ጎሚኒ የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው በጥቂት መፍቻ አውጥተው እንዲለውጡት ነበር። አዝማሪው ጭራውን የሚያስርበት ጥበብም ይኸው ነው። ጥሩ ንድፍ የሚያልቀውን ክፍል አስቀድሞ ያውቃል፤ ለጠጋኙም እጅ በሩን ክፍት ይተዋል።