የታደሰ የሞተር ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

መኪና ጋራዥ ገብቶ "ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል" ከተባለ ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ ሁለት ነው፦ ወይ አዲስ ማስመጣት፣ ወይ የታደሰ መግዛት። አዲሱ ዋጋው አይቀመስም። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ሶማሌ ተራ ወይም ቴሌግራም ላይ ወደሚሸጡ ልጆች ይዞራል። ሳጥኑ ይገጠማል፣ ሞተሩ ይነሳል፣ ብሩ ይከፈላል። በተለይ ራይድ ለሚሠራ ሰው መኪናው ሲቆም የቀን ገቢውም አብሮ ስለሚቆም "ተነሳ አይደል? በቃ!" ብሎ መሄድ ይቀናል።

ግን ሞተሩ መነሳቱ የሚያሳየው ሳጥኑ በዚያች ደቂቃ እንደሚሠራ ብቻ ነው። ሲሞቅ፣ ኤሲ ሲበራ፣ ዳገት ሲወጣ ምን እንደሚሆን አያሳይም። ጥራቱ የሚታወቀው እዚያ ላይ ነው።

📌 ኢሲዩ ምንድነው?

ከሴንሰሮች መረጃ እየተቀበለ ስንት ቤንዚን እንደሚረጭ እና ካንዴላው መቼ እሳት እንደሚሰጥ የሚወስን ኮምፒውተር ነው። በአንዳንድ መኪና ከዳሽቦርድ ሥር፣ በሌላው ሞተር ክፍል ውስጥ ይቀመጣል። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ዋናው ቺፕ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው፦ የቆዩ ካፓሲተሮች ፈሳሻቸውን አፍስሰው ቦርዱን ይበላሉ፣ በሙቀትና በንዝረት ብየዳው ይሰነጠቃል፣ ኢንጀክተርና ኮይል የሚያዙት ትራንዚስተሮች ይቃጠላሉ።

📌 መጀመሪያ፦ በእርግጥ ሞቷል ወይ?

ብዙ ጤነኛ ሳጥን ያለጥፋቱ ይፈረድበታል። የደከመ ባትሪ፣ የላላ የማሳ ሽቦ ወይም ሾርት የሆነ አንድ ሴንሰር ኮምፒውተሩን የሞተ ያስመስለዋል። ለሴንሰሮች የሚሄደው 5 ቮልት መስመር በአንዱ ሴንሰር ከተጎተተ ሌሎቹም አብረው ይጠፋሉ። መካኒኩ የሳጥኑን ሶኬት ላይ ኃይልና ማሳውን ይለካ፣ ሴንሰሮቹን አንድ በአንድ ነቅሎ 5 ቮልቱ ይመለስ እንደሆነ ይይ።

በእርግጥ ተቃጥሎ ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለው ጥያቄ "ምን ገደለው?" ነው። ሾርት የሆነ ኮይል የድሮውን ካቃጠለ፣ ኮይሉ ሳይቀየር የሚገጠመውንም ያቃጥላል። ከልክ በላይ የሚሞላ ዲናሞም እንደዚሁ።

📌 "የታደሰ" የሚባለው አራት ዓይነት ነው

1. ከሌላ መኪና ወጥቶ የተወለወለ፦ ይሄ ያገለገለ ነው እንጂ የታደሰ አይደለም።
2. የራሳችሁ ሳጥን ተከፍቶ የተበላሸው ክፍል የተቀየረለት።
3. የእናንተ ሳጥን መረጃ ተገልብጦ የተጫነበት ሌላ ሳጥን።
4. ደካማ ክፍሎቹ በሙሉ ተቀይረው፣ ጠረጴዛ ላይ ተፈትኖ የወጣ።

አራቱም ሊሠሩ ይችላሉ፣ ግን ዋጋቸውም ዋስትናቸውም እኩል መሆን የለበትም። ሻጩን "ከነዚህ የትኛው ነው?" በሉት። መልሱ ከተድበሰበሰ አንደኛው ነው ብላችሁ ገምቱ።

📌 በዓይን የሚታይ

▪️ ቁጥሩ፦ የብዙ ቶዮታዎች የሞተር ኮምፒውተር ቁጥር በ89661 ይጀምራል። ያ ብቻ ግን አይበቃም፣ እስከ መጨረሻው አሃዝ ከድሮው ጋር አመሳስሉ። አንድ ሞዴል ሆኖ ማንዋልና ኦቶማቲክ የተለያየ ሳጥን ሊኖራቸው ይችላል።

▪️ ፒኖቹ፦ አረንጓዴ ዝገት የያዘ ካለ ውኃ ነክቶታል ማለት ነው። ውኃ የገባበትን ሳጥን አትግዙ፤ ዝገቱ ቺፖቹ ሥር ገብቶ ቀስ እያለ መብላቱን ይቀጥላል።

▪️ ክዳኑ፦ መከፈቱ ችግር አይደለም፣ ሳይከፈት አይታደስም። ነገር ግን በሥርዓት ተመልሶ መታሸግ አለበት፣ በተለይ ሞተር ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ።

▪️ ቦርዱ፦ ከጥገና በፊትና በኋላ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ጥሩ ሥራ ንጹሕ ነው። የብየዳ ቅሪት ተጠርጓል፣ የተነካው ቦታ መከላከያ ቅብ ተመልሶለታል። ቦርዱ ላይ ወዲያ ወዲህ የሚሄድ ብዙ ሽቦ ካያችሁ ግን ይቅርባችሁ።

📌 ቁልፉን ያውቀዋል ወይ?

ኢሞቢላይዘር ያለው መኪና ላይ ኮምፒውተሩ የቁልፉን ኮድ ይዟል። የሌላ መኪና ሳጥን ዝም ብሎ ቢሰካ ሞተሩ ወይ አይነሳም ወይ ተነስቶ ወዲያው ይጠፋል። ትክክለኛው መንገድ መረጃውን ከድሮው ሳጥን ማዛወር ወይም ቁልፉን እንደገና ማስመዝገብ ነው።

አቋራጩ ደግሞ ኢሞቢላይዘሩን ጭራሽ መዝጋት ነው። መኪናው ይነሳል፣ ግን በማንኛውም ተመሳስሎ በተቀረጸ ቁልፍም ይነሳል። ለሌባ በር ተከፈተ ማለት ነው። "ኢሞቢላይዘሩ እየሠራ ነው ወይስ ተዘግቷል?" ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የድሮውን ሳጥን አትስጡ! ብዙ ሻጭ "አሮጌውን ተውልኝ፣ እቀንስልሃለሁ" ይላል። የመኪናችሁ መረጃ ያለው እሱ ላይ ነው። የተገዛው ቢበላሽ መመለሻችሁ እሱ ነው።

📌 በስልካችሁ ፈትሹ

ርካሽ የብሉቱዝ ኦቢዲ አዳፕተር ከመሪው ሥር ያለው ሶኬት ላይ ሰክታችሁ በነፃ አፕ ማንበብ ትችላላችሁ። (ለጃፓን ገበያ የተሠሩ የቆዩ መኪኖች ላይ ላይገናኝ ይችላል፣ ያኔ የጋራዡን ማሽን ተጠቀሙ።)

▪️ ፒ0601፣ ፒ0605 እና ፒ0606 የሚሉ ኮዶች ኮምፒውተሩ ራሱ ውስጥ ያለ ችግር ነው የሚናገሩት። ከእድሳት በኋላ ከተመለሱ ሳጥኑ አልተሠራም።

▪️ ከፒ0201 እስከ ፒ0204 የኢንጀክተር መስመር ነው። ሽቦው፣ ኢንጀክተሩ ወይም ሳጥኑ ሊሆን ይችላል፤ ሳይለካ አይፈረድም።

▪️ "ምንም ኮድ የለም" ስትባሉ አትቸኩሉ። ኮድ ከአምስት ደቂቃ በፊት ተደምስሶ ሊሆን ይችላል። አፑ ላይ "ኮድ ከጠፋ በኋላ የተነዳ ኪሎሜትር" የሚለውን እዩ። ዜሮ ከሆነ ገና ምንም አልታየም። ከጥቂት ቀን በኋላ ድገሙት።

📌 መንገድ ላይ

ሙሉ ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ይህን አድርጉ፦

✅ ሞተሩ ቀዝቅዞ ካደረ በኋላ ጠዋት አስነሱ።
✅ ቆሞ እየሠራ ይሙቅ፣ የራዲያተሩ ፋን ራሱ መነሳቱን አረጋግጡ። በብዙ መኪና ፋኑን የሚያዘው ኮምፒውተሩ ነው። ካልተነሳ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጎዳል፣ ወጪው ከሳጥኑም ይብሳል።
✅ ኤሲና መብራት አብሩ። ሚኒሞው ትንሽ ወርዶ መስተካከል አለበት እንጂ መንቀጥቀጥ የለበትም።
✅ ረጅም ዳገት ውጡ፣ ለምሳሌ እንጦጦን። ኦቶማቲክ ከሆነ የማርሽ አቀያየሩን አስተውሉ።
✅ ከሞቀ በኋላ አጥፍታችሁ ወዲያው መልሳችሁ አስነሱ። "ሲሞቅ እምቢ፣ ሲበርድ እሺ" የሚል ሳጥን ብየዳው ወይም አንድ ክፍሉ ገና ደካማ ነው።

📌 ዋስትና በአፍ አይሆንም

ደረሰኝ ላይ የሳጥኑ ቁጥር፣ የተቀየረው ክፍል፣ ቀኑና የዋስትናው ጊዜ ይጻፍ። የሠራውን የሚያውቅ ባለሙያ የትኛውን ክፍል እንደቀየረ፣ አሙቆ ስንት ሰዓት እንደፈተነው ይነግራችኋል። "አይዞህ፣ እኔ አለሁ" ብቻ የሚል ከሆነ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ኮምፒውተር ለመቀየር ወረፋ የያዘ ጓደኛ ካላችሁ ሳይከፍል ይድረሰው፣ ሼር አድርጉለት።