የተጓዝነውን መለካት፣ ግብን ማስተካከል

የኅብረት ሥራ ማኅበራት በአገራችን ሕጋዊ መሠረት የያዙት በ1950ዎቹ በንጉሡ ዘመን ነው። ይሁን እንጂ ጭሰኛው የሚያርሰው መሬት የራሱ ስላልነበረ ከጥቅሙ የደረሰው ጥቂት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ማኅበራቱ በብዛት ተስፋፉ። የአምራቾች ማኅበራትም መልባ፣ ወልባ እና ወላንድ በሚባሉ ደረጃዎች ተመደቡ። ነገር ግን እድገቱ የሚለካው በማኅበራቱ ብዛት እንጂ በአባሉ ጎተራ አልነበረም። አርሶ አደሩ እህሉን በኮታና በተቆረጠ ዋጋ ለመንግሥት ያስረክብ ነበር። በመሆኑም የካቲት 1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲታወጅ አብዛኞቹ የአምራቾች ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ።

ከዚህ ትምህርት ተወስዶ በ1991 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 147 አባልነትን በፈቃድ፣ ውሳኔንም በአንድ አባል አንድ ድምፅ ላይ መሠረተ። በዚያው ዓመት 34 መሠረታዊ ማኅበራት የኦሮሚያ ቡና ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንን አቋቋሙ። ብዙም ሳይቆይ የዓለም ቡና ዋጋ ክፉኛ አሽቆለቆለ። ዩኒየኑ ግን ብዙ ቡና መሰብሰብን ብቻ ግቡ አላደረገም። የአዲስ አበባውን ጨረታ አልፎ በቀጥታ ወደ ውጭ መሸጥን፣ ጥራትን፣ የተፈጥሮ ቡናንና የፍትሐዊ ንግድ ገበያን ግብ አደረገ፤ ከትርፉም ለአባል ማኅበራት ማከፋፈልን ሥራው አደረገ።

ስለዚህ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሪፖርት ሲቀርብ ስንት ኩንታል ተሰበሰበ ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም። ከዚያ ውስጥ ለአባሉ ቤት ስንት ደረሰ? የከርሞው እቅድ መነሣት ያለበት ከዚህ መልስ ነው።