ውሃው በየት ይወጣል? ከላሊበላ ሬንጅ እስከ መኪና ፎም

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት የተፈለፈሉበት ቀይ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የተገኘ፣ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ነው። ለመፈልፈል ይመቻል፤ ግን ውሃ ይጠጣል። በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን የተረዱ ይመስላል፤ ዝናቡ እንዳይተኛ በዙሪያው የቆፈሩትን ግቢ ተዳፋት አድርገውታል።

እ.ኤ.አ. በ1954 በተደረገ ጥገና ግን አንዳንዶቹ ሬንጅ ተቀቡ፤ ከሬንጁም ላይ ቀይ ቀለም ተደረገ። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም፤ ድንጋዩን ከዝናብ ለማዳን ነው። እስቲ አስቡት ግን፦ ውሃ የሚመጣው ከላይ ብቻ ነው እንዴ? በስንጥቅ ይገባል፣ ከመሬትም ተስቦ ይወጣል። ድሮ በፀሐይ ተንኖ ይሄድ የነበረው እርጥበት አሁን መውጫ አጣ። እንዲህ ሲሆን ውሃው ይዞት የመጣው ጨው ከልባሱ ሥር ይከማቻል፤ ሲደርቅም ድንጋዩን እየገፋ ያፈረፍረዋል።

በ1960ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ የመራው ቡድን ሥራ ጀመረ። ድጋፉን የሰጠው ዛሬ ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ የሚባለው ድርጅት ነበር። ከሥራዎቹ አንዱ ያንኑ ሬንጅና ቀለም በጥንቃቄ ማንሳት ነው። ጥገናውን መጠገን ማለት ይሄ ነው።

የምህንድስና ተማሪ ስለሆንኩ ይህ ታሪክ መኪና ያስታውሰኛል። አንዳንድ ሰው መኪናው በኮረኮንች ላይ እንዳይወዛወዝ ብሎ፣ ለበርና ለመስኮት ክፍተት መሙያ የሚሸጠውን ፎም በሻንሲው ባዶ ውስጥ ይነፋል። ፎሙ ያብጥና ይደርቃል፤ ክፍተቱ ሁሉ ይሞላል።

ክፍተቱ ግን ሥራ ነበረው። ብረቱ ላይ ያሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች የገባው ውሃ እንዲፈስ፣ አየርም እንዲገባ የተተዉ ናቸው። ፎሙ ሲደፍናቸው ጭቃና እርጥበት በፎሙና በብረቱ መካከል ይቀራል። ዝገቱ ከውስጥ ስለሚጀምር ከውጭ አይታይም። ብየዳ ሲያስፈልግ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፦ ፎሙ ፖሊዩሬቴን ስለሆነ በእሳት ይያያዛል፣ ጭሱም እንደ ሃይድሮጅን ሳያናይድ ያሉ መርዛማ ጋዞች አሉበት።

«ፋብሪካዎችስ ፎም ይጠቀሙ የለም እንዴ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ አንዳንዶቹ ይጠቀማሉ። የእነሱ ግን ጥቅጥቅ ያለና ጠንካራ ነው፤ የሚገባውም ቦታው ተሰልቶ፣ የውሃው መውጫ ተጠብቆ ነው። የመስኮት ፎም ግን አብዛኛው አየር ስለሆነ የሚጨምረው ጥንካሬ ትንሽ ነው።

በሁለቱ መካከል አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የላሊበላው ሬንጅ ከውጭ ስለነበር ማንሳት ተቻለ። በተዘጋ ብረት ውስጥ የደረቀን ፎም ግን ብረቱን ሳይቆርጡ ማውጣት ይከብዳል። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመድፈናችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ ውሃው በየት ይወጣል? ነገ ቢያስፈልግስ ይነሳል ወይ?